ዶሜይን ቀይሬ ከጉግል ድራሼ ጠፋ፣ ምን አጠፋሁ?

መርፌና_ክር | ሰኞ ማታ

ሰላም ሰዎች። ጽሑፉ ይረዝማል፣ አንዴ ታገሱኝ።

ስለ ልብስ ስፌት የሚያስተምር ሳይት አለኝ። 6 ዓመቱ ነው፣ 340 ገደማ ጽሑፍ አለው፣ የተሠራው በዎርድፕረስ ነው። ስሙን፣ ማለትም ዶሜይኑን፣ ያኔ ሳወጣ ብዙም አላሰብኩበትም። ረጅም ነው፣ መሃሉ ላይ ሁለት ሰረዝ አለው፣ በስልክ ለሰው ስናገር ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ፣ እሱም ሆኖ ተሳስተው ይጽፉታል። በቅርቡ አንድ አጭር፣ አፍ ላይ የሚቀር ስም ክፍት ሆኖ አገኘሁና ዓይኔን ሳላሽ ገዛሁት።

ከዛ ሳይቱን ወደ አዲሱ ስም አዞርኩት። ሆስቲንጉ (ሳይቱ የተቀመጠበት አገልግሎት) ላይ «ፎርዋርድ» የምትል ቁልፍ አለች፣ አሮጌውን ስም በሷ ወደ አዲሱ ላክሁት። ግማሽ ሰዓት እንኳን አልፈጀም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ይኸው ዛሬ 3 ሳምንቱ ነው። ከጉግል የሚመጣው ሰው ከሲሶ በታች ወርዷል። «የሸሚዝ ኮሌታ አሰፋፍ» ተብሎ ሲፈለግ ለዓመታት ከላይ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ነበርኩ። ትናንት እስከ አምስተኛው ገጽ ድረስ ወርጄ ፈለግሁ፣ የለሁም።

አንድ ጓደኛዬ ጉግል አዲስ ዶሜይን ላይ የ6 ወር ቅጣት ይጥላል አለኝ። ሌላው ደግሞ ሳይመሽ ወደ አሮጌው መመለስ ነው የሚያዋጣው ይላል። ማንን ልስማ? ስም መቀየር በራሱ ራንክ ያስጥላል ወይ?

የሌሊት_ሰርቨር | ሰኞ ማታ

ወንድሜ መጀመሪያ ረጋ በል። ሁለተኛ፣ ወደ አሮጌው እንዳትመለስ። ጉግል አሁን የተወሰነውን ገጽ በአዲሱ ስም፣ የተወሰነውን በአሮጌው ይዞ ይሆናል። ብትመለስ ሌላ ዝውውር ነው የሚሆንበት፣ ጭራሽ ግራ ይጋባል።

የ6 ወር ቅጣት የሚባለውን እርሳው። ስም ስለቀየርክ ብቻ የሚጣል ቅጣት የለም። መዋዠቅ ግን አለ። ጉግል እያንዳንዱን አሮጌ አድራሻ መጥቶ ማየት አለበት፣ ወደ አዲሱ እንደሚልከው ማስተዋል አለበት፣ ከዛ አዲሱን ገጽ አንብቦ በአሮጌው ቦታ መተካት አለበት። መካከለኛ ለሚባል ሳይት ይሄ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፣ ትልቅ ከሆነ ከዛም በላይ። በ3 ሳምንት ከሲሶ በታች መውረድ ግን መዋዠቅ ብቻ አይመስለኝም፣ የተበላሸ ነገር አለ። እኔ የምጠረጥረው ያቺን ቁልፍ ነው።

እንዲህ አድርግ። ክሮም ላይ ኤፍ12 ተጫን፣ ኔትዎርክ የሚለው ውስጥ ግባ። ከዛ የአንዱን ጽሑፍህን አሮጌ አድራሻ ሙሉውን አስገባ። መነሻ ገጹን ሳይሆን የውስጥ ገጽ ይሁን። የመጀመሪያው መስመር ላይ ምን ቁጥር እንደመጣና በመጨረሻ የት እንደጣለህ ጻፍልን።

ቀዳሚ_ገጽ | ሰኞ ማታ

እኔ ምክንያቱ ሌላ ይመስለኛል። አሮጌው ስም ውስጥ «ስፌት» የሚል ቃል ነበረበት አይደል? አዲሱ ላይ የለም። ጉግል ስሙ ውስጥ ቁልፍ ቃል ያለውን ነው ከላይ የሚያወጣው፣ ይሄ የታወቀ ነው። ያንን በገዛ እጅህ ጣልከው።

ዝምታ_ወርቅ | ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ

ቀዳሚ፣ ይሄ የድሮ ጨዋታ ነው። በፊት እውነት ነበረው፣ ሰዎች ሰው የሚፈልገውን ቃል እንዳለ ዶሜይን አድርገው ገዝተው፣ ውስጡ ምንም ሳይኖረው ከላይ ይወጡ ነበር። ጉግል በፈረንጆቹ መስከረም 2012 ለይቶ እነሱን የሚያወርድ ማሻሻያ አወጣ። የጉግሉ ጆን ሙለርም ስም ውስጥ ቁልፍ ቃል መኖሩ ለብቻው ከፍ እንደማያደርግ ስንቴ ተናግሯል። እስቲ አማዞን የሚለው ስም ስለ መሸጥና መግዛት ምን ይላል? ወንዝ ነው።

ስሙ የሚረዳው ሰውን ነው። ሰው ካስታወሰው ራሱ ስሙን ጽፎ ይመጣል፣ ሊንክ የሚሰጥ ሰውም አይሳሳትም። እና ረጅሙን ስም መጣሉ ስህተት አይመስለኝም። ስህተቱ አጣጣሉ ላይ ነው።

መርፌና_ክር | ማክሰኞ ጠዋት

በመጀመሪያ እህት ነኝ ሃሃ፣ ግን ችግር የለም።

የተባልኩትን አደረግሁ። የኮሌታውን ጽሑፍ አሮጌ አድራሻ ሙሉውን አስገባሁ። ቁጥሩ 302 ይላል። የጣለኝ ደግሞ አዲሱ ሳይት መነሻ ገጽ ላይ ነው! የኪሱን ሞከርኩ፣ መነሻ ገጽ። የዚፑን፣ መነሻ ገጽ። 340ውም ጽሑፍ እዚያው ነው የሚወድቀው ማለት ነው። እኔ እኮ ከጫንኩ በኋላ የሞከርኩት የሳይቱን ስም ብቻ ጽፌ ነበር፣ ስለዚህ የሚሠራ ነው የመሰለኝ።

የሌሊት_ሰርቨር | ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

ይቅርታ እህቴ። እንግዲህ ሌባውን ያዝነው፣ ሌቦቹን ማለት ይሻላል፣ ሁለት ናቸው።

አንደኛው 302 ነው። ትርጉሙ «ለጊዜው እዚያ ነኝ፣ እመለሳለሁ» ማለት ነው። 301 ደግሞ «ለቅቄያለሁ፣ አልመለስም»። ሰው ልዩነቱን አያየውም፣ በሁለቱም አዲሱ ገጽ ይከፈትለታል። ጉግል ግን 301ን ሲያይ አዲሱን አድራሻ ዋና አድርጎ ለመያዝ ጠንካራ ምልክት ነው የሚሆንለት፣ 302 ደካማ ምልክት ነው። 302 ለረጅም ጊዜ ከቆየ እንደ ቋሚ ሊቆጥረው ይችላል፣ ግን ለምን እንጠብቀዋለን።

ሁለተኛው የባሰው ነው። የኮሌታው ጽሑፍ ለምን ከላይ ይወጣ ነበር? ሌሎች ሳይቶች ለዛ ጽሑፍ ሊንክ ሰጥተውታል፣ ጉግልም ያ አድራሻ ስለ ኮሌታ ጥሩ መልስ እንዳለው አውቆታል። አሁን ያ አድራሻ መነሻ ገጽ ላይ ይጥላል። መነሻ ገጹ ስለ ኮሌታ ምንም አይልም። ጉግል ይሄን ሲያይ ገጹ እንደተዘዋወረ አይቆጥረውም፣ እንደጠፋ ነው የሚቆጥረው። ሶፍት 404 ይሉታል፣ 404 ማለት «ገጹ የለም» ነው። አዲሱ ሳይት ላይ ያለው የኮሌታ ጽሑፍ ደግሞ ከአሮጌው ጋር ማንም ስላላገናኘው ትናንት እንደተጻፈ ሆኖ ከዜሮ ይጀምራል። 340 ጊዜ አባዢው።

ድሮ ሪዳይሬክት፣ ማለትም ከአንድ አድራሻ ወደ ሌላ መላኩ፣ ራሱ የሊንኩን ኃይል በትንሹ ይቆርጣል ይባል ነበር። በ2016 የጉግሉ ጋሪ ኢሊየስ 301ም ሆነ ሌሎቹ ከእንግዲህ ፔጅራንክ (ጉግል የሊንክን ኃይል የሚለካበት) እንደማያስቀንሱ ተናገረ። ስለዚህ ሪዳይሬክቱ አይደለም የሚጎዳሽ፣ የተሳሳተ ቦታ መጣሉ ነው።

ጥሩው ዜና፦ የውስጥ አድራሻዎቹን ካልቀየርሻቸው፣ ማለትም ከስሙ ቀጥሎ ያለው ያው ከሆነ፣ ሥራው ቀላል ነው። ያቺን የፎርዋርድ ቁልፍ አጥፊያት። አሮጌውን ዶሜይን ሆስቲንግሽ ላይ አስገቢና እዚያ ኤችቲአክሰስ በሚባለው የሰርቨሩ ደንብ ፋይል ውስጥ አንድ ደንብ ጻፊ፣ የመጣውን አድራሻ ከስሙ በኋላ ያለውን እንዳለ ይዞ በ301 ወደ አዲሱ ስም የሚያሻግር። አንድ ደንብ 340ውንም ያሻግራል። ምስሎቹንም ጭምር፣ ሰው እነሱን ይረሳል። ስፌት ላይ ሰው በምስል ነው የሚፈልገው መቼም።

ሁለት_ጊዜ_ለካ | ማክሰኞ ከሰዓት

ከላይ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደንቡን ስትጽፊ አሮጌውን በአራቱም መልኩ ሞክሪው፦ በኤችቲቲፒ፣ በኤችቲቲፒኤስ፣ ከፊቱ ሦስቱ ደብሊው ኖሮ፣ ሳይኖር። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ ከዛ ወደ ደብሊው፣ ከዛ ነው ወደ አዲሱ ስም የሚሄደው። የጉግል ሮቦት እስከ 10 ዝላይ ይከተላል፣ ግን ሰውም ሮቦትም በአንድ ዝላይ ቢደርስ ይሻላል።

ሌላው እኔን ያቃጠለኝ ነገር። እኔም ዶሜይን ቀይሬ ነበር፣ ሁሉን በሥርዓቱ አድርጌ፣ 301፣ ገጽ ለገጽ፣ ምኑም አልቀረኝ። ከተወሰኑ ወራት በኋላ አንድ አንባቢ «የድሮ ሊንክህን ስነካ አደገኛ ሳይት ነው ይለኛል» ብሎ ጻፈልኝ። ምን ሆነ መሰላችሁ? የአሮጌው ዶሜይን ሰርቲፊኬት (ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገው ማረጋገጫ) ጊዜው አልፏል። በነፃ የሚሰጠው የሌትስ ኢንክሪፕት ነበር፣ ያኔ 90 ቀን ነበር የሚቆየው፣ በራሱ የሚታደስ መስሎኝ ነበር። ሰው በኤችቲቲፒኤስ ሲመጣ ብራውዘሩ መጀመሪያ ሰርቲፊኬቱን ነው የሚያየው። እዚያ ላይ ከቆመ ሪዳይሬክቱ ጋ መድረሻ የለውም። ሰው የለቀቀው ቤት ቁልፍ ያስጨንቀዋል? አሮጌ ዶሜይን ላይ ግን ያስጨንቃል።

መርፌና_ክር | ረቡዕ ማታ

ደንቡ ገብቷል! የኮሌታው ወደ ኮሌታው፣ የዚፑ ወደ ዚፑ። 301። አራቱንም መልክ ሞከርኩ፣ ሁሉም በአንድ ዝላይ። እጃችሁ ይባረክ።

አሁን ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለሳይት ባለቤቶች የሚሰጠው መሣሪያ) ውስጥ ዶሜይን መቀየርን የሚያሳውቁበትን «ቼንጅ ኦፍ አድሬስ» ልጠቀም ብዬ ሌላ ጣጣ መጣ። የአሮጌው ሳይት ባለቤት መሆኔን አላረጋገጥኩም ይለኛል። በፊት አረጋግጬ ነበር እኮ፣ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሳይቱ ላይ አስቀምጬ። ፋይሉ አሁንም አለ።

ዝምታ_ወርቅ | ረቡዕ ማታ

ፋይሉ አለ፣ ግን አዲሱ ስም ላይ ነው። ደንብሽ ሁሉን ነገር ወደ አዲሱ ያሻግራል አይደል፣ ፋይሉንም አብሮ አሻገረው። ጉግል ለማረጋገጫ ወደ ሌላ ዶሜይን የሚሄድ ሪዳይሬክት አይከተልም። በዲኤንኤስ፣ በዶሜይኑ መዝገብ ማለት ነው፣ አረጋግጪ። ዶሜይኑን የገዛሽበት ቦታ ገብተሽ ጉግል የሚሰጥሽን ጽሑፍ በቲኤክስቲ ሪከርድ ታስቀምጫለሽ፣ ሪዳይሬክቱ አይነካውም። ሁለቱንም ስም በአንድ የጉግል አካውንት ያዢ፣ አለዚያ መሣሪያው አይሠራልሽም።

ከሠራልሽ በኋላ ጉግል ለ180 ቀን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ምልክቱን ያሸጋግራል። ሪዳይሬክቱን ግን በ180 ቀን እንዳትነቅዪው። ጉግል ራሱ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ ይላል። እኔ ግን እስከቻልሽ ድረስ ነው የምለው።

ቀዳሚ_ገጽ | ሐሙስ ጠዋት

እሺ በቁልፍ ቃሉ ተሸንፌያለሁ። ግን የአዲሱን ሳይት የኮሌታ ገጽ ከፍቼ ፔጅ ሶርሱን (ኮዱን) አየሁት። ካኖኒካል የሚለው፣ ዋናው አድራሻ የትኛው እንደሆነ ለጉግል የሚናገረው መስመር ላይ የተጻፈው አሮጌው ስም ነው። ይሄስ ልክ ነው?

የሌሊት_ሰርቨር | ሐሙስ ጠዋት

ቀዳሚ ዛሬ ገድለሃል። አይ፣ ልክ አይደለም።

እህቴ፣ ጉግል የሚያየውን ላሳይሽ። አሮጌው ገጽ «ወደ አዲሱ ሂድ» ይለዋል። አዲሱ ጋ ሲደርስ ካኖኒካሉ «ዋናው እኔ አይደለሁም፣ አሮጌው ነው» ይለዋል። ወደ አሮጌው ሲመለስ እንደገና «ወደ አዲሱ ሂድ»። የኤስኢኦ ፕለጊንሽ (ለጉግል ፍለጋ የጫንሽው ተጨማሪ) ውስጥ ወይም ቴምሽ (የሳይቱ መልክ) ውስጥ አሮጌው ስም በእጅ ተጽፎ ይሆናል። ሳይትማፑንም (የገጾችሽን ዝርዝር ለጉግል የሚሰጠውን ፋይል) እይው፣ ያው በሽታ ይኖርበታል። ጽሑፎቹ ውስጥ እርስ በርስ የሰጠሻቸው ሊንኮችም አሮጌውን ስም ይዘው ይሆናል።

ደግሞ በዳታቤዙ ላይ በጥሬው ፈልጎ መተካት እንዳታደርጊ! ይሄን በደንብ ስሚኝ። ዎርድፕረስ አንዳንድ ሴቲንጎችን የሚያስቀምጠው ከጽሑፉ ጎን ርዝመቱን በቁጥር ጽፎ ነው። አሮጌው ስም 24 ፊደል ቢሆን «24» ብሎ ከዛ ስሙን። አዲሱ 11 ፊደል ነው እንበል። በጥሬው ስትተኪ ስሙ ይቀየራል፣ 24 ግን 24 ሆኖ ይቀራል። ዎርድፕረስ መልሶ ሲያነበው ቁጥሩና ቃሉ አይገጥምለትም፣ ሴቲንጉን በሙሉ ይጥለዋል። ዊጀቶችሽ (ገጹ ላይ ያሉት ትንንሽ ሳጥኖች) ጠፍተው ታገኛለሽ። ደብሊውፒ ሲኤልአይ (ዎርድፕረስን በጽሑፍ ትእዛዝ ማስተዳደሪያው) ውስጥ ያለው የመተኪያ ትእዛዝ ቁጥሩንም አብሮ ያስተካክላል፣ በሱ አድርጊው። መጀመሪያ ባክአፕ፣ ከዛ ሙከራውን ብቻ የሚያሳየውን አማራጭ፣ ከዛ እውነተኛውን።

መርፌና_ክር | ሐሙስ ማታ

ካኖኒካሉ ፕለጊኑ ውስጥ ነበር፣ ከዓመታት በፊት ራሴ የጻፍኩት። ረስቼው። ሊንኮቹ ደግሞ ከ2,000 በላይ ቦታ አሮጌውን ስም ይዘው ተገኙ። እንዳላችሁት ተካሁ፣ ዊጀቶቼ በሕይወት አሉ። ቼንጅ ኦፍ አድሬስም አለፈ። መጀመሪያ መነሻ ገጹንና ጥቂት ናሙና ገጾችን በ301 መሄዳቸውን ፈተሸ፣ ከዛ ተቀበለኝ።

ጥላሁ_እይ | አርብ ጠዋት

ሁላችሁም ስለ ሪዳይሬክት አወራችሁ፣ አንድ ነገር ማንም አልጠየቀም። ይሄ «ክፍት ሆኖ ያገኘሁት» አጭር ስም ከዚህ በፊት የማን ነበር? አጭርና ጥሩ ስም ዝም ብሎ ሜዳ ላይ አይገኝም። ዌይባክ ማሽን (የድሮ ድረ ገጾች ማኅደር) ላይ ስሙን አስገቢና የድሮ ገጾቹን እይ። ሰርች ኮንሶል ውስጥም «ማንዋል አክሽንስ» የሚለውን፣ የጉግል ሰዎች ራሳቸው የጣሉት ቅጣት የሚታይበትን፣ ክፈቺ። የቀድሞው ባለቤት ቅጣት ትቶልሽ ከሆነ እዚያ ይታያል። ይሄ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ነበር፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ካልተባልኩ።

መርፌና_ክር | አርብ ከሰዓት

እጄን በአፌ ጫንኩ። በአንድ ወቅት መድኃኒት እንሸጣለን የሚሉ ገጾች ነበሩበት፣ የውሸት ዓይነት። ከዛ ለዓመታት ባዶ። ማንዋል አክሽንስ ላይ ግን «ምንም ችግር አልተገኘም» ይላል። ሰርች ኮንሶል ውስጥ የማላውቃቸው የኪኒን ስም ያለባቸው አድራሻዎች 404 ሆነው ተደርድረዋል። እነሱንስ ወደ መነሻ ገጽ ልላካቸው?

ጥላሁ_እይ | አርብ ከሰዓት

አታድርጊው። ያንቺ አይደሉም፣ 404 ሆነው ይሙቱ። የ404 መብዛት በራሱ ሌላውን ገጽሽን አይጎዳም። ማንዋል አክሽን ከሌለብሽ ዕድለኛ ነሽ፣ ቀጥይ።

ሁለት_ጊዜ_ለካ | አርብ ማታ

አንድ ምክር ብቻ፣ ከአሁን ወዲያ ለጥቂት ወራት ሌላ ምንም አትንኪ። ቴም አትቀይሪ፣ የአድራሻ አወቃቀር አትቀይሪ፣ «እግረ መንገዴን» ብለሽ ያረጁ ጽሑፎችን አታጥፊ። ሁሉም ባንዴ ከተቀየረ ነገ ቢወርድ በምን እንደወረደ አታውቂም። ሊንክ የሰጡሽን ትልልቅ ሳይቶች ደግሞ ጻፊላቸውና ሊንኩን ወደ አዲሱ ያዙሩልሽ። ሁሉም አይመልሱም፣ የመለሱት ይበቃሉ።

ጉግል ላይ ከአሮጌው ስም ፊት ሳይት ኮለን (site:) ጽፈሽ ስትፈልጊ ገጾቹ አሁንም ቢመጡ ደግሞ አትደንግጪ። ጉግል አሮጌውን ስም ብለሽ ስለጠየቅሽው ነው የሚያሳይሽ። የሚታመነው ሰርች ኮንሶል ላይ ያለው ግራፍ ነው።

መርፌና_ክር | ከ6 ሳምንት በኋላ

ተመልሼ መጣሁ፣ ጠይቆ ጠፋ እንዳትሉኝ።

የሁለቱን ስም ግራፍ ጎን ለጎን ከፍቼ በየቀኑ ነበር የማየው፣ ሱስ ሆኖብኝ። የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ምንም። ከዛ አሮጌው መውረድ፣ አዲሱ መውጣት ጀመረ፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ ተላለፉ። ድምሩ ከድሮው ትንሽ ያንሳል፣ ግን ከሞላ ጎደል ተመልሷል። ኮሌታው አራተኛ ነው። ዚፑ ከድሮውም ተሻለ፣ ምክንያቱን አላውቅም፣ አልጠይቅም። ምስሎቹ ናቸው ገና የሚጎተቱት።

ሊንክ የሰጡኝን 15 ሳይቶች ጻፍኩላቸው፣ ስድስቱ አስተካከሉልኝ።

የሌሊት_ሰርቨር | ያው ቀን

ደስ ይላል! የአሮጌው ዶሜይን የክፍያ ማደሻ ግን መቼ ነው? ከለቀቅሽው ያ የኪኒን ነጋዴ ዓይነት ሰው ሊንኮችሽን ሁሉ ይዞ ያነሳዋል።

መርፌና_ክር | ያው ቀን

በራሱ እንዲታደስ አድርጌዋለሁ። ቆይ ግን ልየው።

መርፌና_ክር | ከ10 ደቂቃ በኋላ

እዚያ ያስመዘገብኩት የባንክ ካርድ ጊዜው የሚያልፈው ከማደሻው ቀን አንድ ወር ቀድሞ ነው። ልቀይረው ሄድኩ።